ኮከብ ተከላካይ በድራፍት ምርጫ ሲለወጥ ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

አንድ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ቡድን ኮከብ ተከላካዩን ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ሲወጣ ደጋፊው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ሁለት አንደኛ ዙር ካመጣ ይሂድ» ይላል፤ ቡድኖች በየዓመቱ አዲስ ተጫዋቾችን በተራ ከሚመርጡበት ድራፍት የመጀመሪያ ዙር ሁለት ምርጫ ማለቱ ነው። ሌላው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢቀጥልም ዋጋውን የጠራ ሰው የለም። ምርጫው ከ1ኛ እስከ 32ኛ የት እንደሚያርፍ፣ በየትኛው ዓመት እንደሚመጣና ተጫዋቹ ሲሄድ በቡድኑ ላይ ምን ዕዳ ትቶ እንደሚሄድ እስካልታወቀ ድረስ «ሁለት አንደኛ ዙር» ባዶ ስም ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ኮንትራቱን አንብቡ

ብዙ ደጋፊ ከምርጫው ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ከኮንትራቱ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ልውውጥ ገና ሳይታሰብ እዚያው ላይ ይሞታል።

የደመወዝ ጣሪያው (ቡድን በዓመት ለተጫዋቾች ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ መጠን፤ በ2025 ለአንድ ቡድን 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር) የፊርማ ክፍያን ቢበዛ ለአምስት ዓመት ከፋፍሎ ይቆጥራል። ገንዘቡ ለተጫዋቹ ቀድሞ ተከፍሏል፤ በመዝገቡ ላይ ግን ገና አላለቀም። ተጫዋቹ ሲሸጥ ያልተቆጠረው ቀሪ ሁሉ በሻጩ ቡድን ላይ ይወድቃል። ሙት ገንዘብ የሚባለው ይህ ነው። ገዢው የሚሸከመው ከዚያ ወዲያ የሚከፈለውን ደመወዝና ገና ያልተከፈሉ ጉርሻዎችን ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ተከላካዩ 50 ሚሊዮን ዶላር የፊርማ ክፍያ ወስዶ ለአምስት ዓመት ፈረመ እንበል። በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ይቆጠራል። ሁለት የውድድር ዘመን ተጫውቶ ሲያበቃ 30 ሚሊዮን ይቀራል። የሦስተኛው ዓመት ደመወዙ 20 ሚሊዮን ቢሆን፣ ቢቆይ በጣሪያው ላይ የሚይዘው 30 ሚሊዮን ነው። ማርች ላይ ቢሸጥስ? የሚቀረው ሙት ገንዘብም 30 ሚሊዮን! ቡድኑ ተጫዋቹን አጥቶ በዚያ ዓመት አንዲት ሳንቲም አላተረፈም። ልውውጡ ከጁን 1 በኋላ ከተፈጸመ ግን 10 ሚሊዮኑ በዚያ ዓመት፣ 20 ሚሊዮኑ በሚቀጥለው ዓመት ይቆጠራል፤ ለጊዜው የ20 ሚሊዮን ትንፋሽ ይገኛል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ቡድኖች በዓመት ሁለት ተጫዋቾችን ማርች ላይ አሰናብተው «ከጁን 1 በኋላ እንደተሰናበቱ ይቆጠር» ማለት ይችላሉ፤ ብዙ ሰው ይህ ለልውውጥም የሚሠራ ይመስለዋል። አይሠራም። ልውውጡ በትክክል ከዚያ ቀን በኋላ መፈጸም አለበት። ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ ይከተላል፤ ድራፍቱ ኤፕሪል ላይ ስለሚያልቅ ጁንን የጠበቀ ሻጭ የዚያን ዓመት ምርጫ ማግኘት አይችልም። በእጁ የሚገባው የሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ብቻ ነው። ስለዚህ «ከጁን 1 በኋላ እንሽጠውና በዘንድሮው አንደኛ ዙር ኮርነርባክ (ኳስ ተቀባዮችን የሚይዝ ተከላካይ) እንውሰድ» የሚል ሐሳብ ካያችሁ አንብቡትና እለፉት።

ኮንትራቱ ባለፉት ዓመታት ተነካክቶ እንደሆነም ማየት ያስፈልጋል። ቡድኑ ጣሪያ ለማስለቀቅ ደመወዙን ወደ ጉርሻ ለውጦ ከሆነ ሙት ገንዘቡ በየዓመቱ አብጧል። የሊጉ አዲስ ዓመት ማርች ላይ ከተጀመረ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚከፈል ጉርሻ ካለ ደግሞ ሻጩ ከዚያ ቀን በፊት መጨረስ ይፈልጋል፤ ቀኑ ካለፈ ከፋዩ እሱ ነው።

ሻጩ ገንዘብ ጨምሮ የተሻለ ምርጫ መግዛትም ይችላል። በኖቬምበር 2021 ብሮንኮስ ቮን ሚለርን ለራምስ ሲሰጥ ከቀረው 9.7 ሚሊዮን ዶላር ደመወዝ 9 ሚሊዮኑን ራሱ ከፈለ፤ በምላሹ የ2022 ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ተቀበለ። ዕድሜው 32 የሆነና ኮንትራቱ በዚያው ዘመን የሚያልቅ ተጫዋች ያለዚያ ገንዘብ ይህን ያህል ባላወጣ ነበር። ሁለተኛው ዙር 64ኛ ሆኖ አረፈ፤ ብሮንኮስ ኒክ ቦኒቶን መረጠበት። ሚለር ደግሞ በዚያው ዘመን ከራምስ ጋር የሊጉን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ አነሣ። ሁለቱም ወገን ሊያተርፍ እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ምርጫው የት ያርፋል?

የምርጫው ተራ የሚወሰነው ምርጫውን በሰጠው ቡድን ውጤት ነው። ከ1ኛ እስከ 18ኛ ያሉት ፕሌይኦፍ (የዘመኑ መጨረሻ ጥሎ ማለፍ) ያልገቡት ናቸው። ከ19ኛ እስከ 24ኛ በመጀመሪያው ዙር የወደቁት፣ ከ25ኛ እስከ 28ኛ በሁለተኛው የወደቁት ይከተላሉ፤ 29ኛና 30ኛ የኮንፈረንስ ፍጻሜ ተሸናፊዎች፣ 31ኛና 32ኛ የሱፐር ቦውል ተፋላሚዎች ናቸው። ኮከብ ተከላካይ የሚገዛ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ቡድን ነው፤ ኮከቡ ሲመጣለት ደግሞ ይብሱን ይሻሻላል። ሻጩ በራሱ እጅ የሚቀበለውን ምርጫ ወደ ታች ይገፋዋል ማለት ነው።

ካሊል ማክን ተመልከቱ። በሴፕቴምበር 2018 ሬይደርስ ለቤርስ ሲሰጠው ቤርስ ያለፈውን ዘመን 5 አሸንፎ 11 የተሸነፈ ቡድን ነበር። የሬይደርስ ደጋፊ ከላይኛው አሥር ውስጥ የሚገባ ምርጫ ቢያልም አይፈረድበትም። ቤርስ ማክን ይዞ 12 አሸንፎ 4 ተሸነፈና ምርጫው 24ኛ ሆነ። በተቃራኒው ጄትስ በ2020 ጀማል አዳምስን ለሲሃውክስ ሲሰጥ የተቀበላቸው ሁለት አንደኛ ዙሮች 23ኛና 10ኛ ሆኑ። ሁለተኛው የወጣው ሲሃውክስ በ2021 ስለተንሸራተተ ነው፤ ጄትስ ጋሬት ዊልሰንን ያገኘው በዚያ ነው። የሩቁ ዓመት ምርጫ እንዲህ ሰፊ ዕድል አለው፤ ግን ዕድል ነው።

ስለዚህ ስትገምቱ የገዢውን ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራውን ተጫዋች፣ እዩ። ጤነኛና ጥሩ ኳርተርባክ ያለው ቡድን ከሆነ ሁለቱንም ምርጫዎች ከ22ኛ እስከ 30ኛ አስቡ። ኳርተርባኩ ያረጀ ወይም ያልተረጋገጠ ከሆነ ሁለተኛውን ዓመት ወደ 15ኛ አካባቢ ብታስጠጉት ያስኬዳል።

ነጥብ መደመር፣ መቀነስም

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሠልጣኝ ጂሚ ጆንሰን ጊዜ በካውቦይስ የተሠራው የነጥብ ሠንጠረዥ እስካሁን መነጋገሪያ ነው። 1ኛው ምርጫ 3,000 ነጥብ፣ 10ኛው 1,300፣ 16ኛው 1,000፣ 32ኛው 590፣ 64ኛው 270፣ 100ኛው 100 ይዟል።

የማክን ልውውጥ በዚህ እንመዝነው። ሬይደርስ ያገኘው 24ኛ (740)፣ 19ኛ (875) እና 81ኛ (185) ነው፤ ድምሩ 1,800። በጨዋታው ግርግር የሚረሳው ግን ሬይደርስ ከማክ ጋር የ2020 ሁለተኛ ዙሩንም መስጠቱ ነው። እሱ 43ኛ ሆነ፤ 470 ነጥብ። ሲቀነስ 1,330 ይቀራል፤ የኋላ ዙሮቹ ጥቃቅን ነገሮች ሚዛን አያዛቡም። «ሁለት አንደኛ ዙርና ሌላም» ተብሎ የተወራው ልውውጥ በሠንጠረዡ ላይ ከአንድ 10ኛ ምርጫ ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሁልጊዜ የሚሰጠውንም ቀንሱ።

ሠንጠረዡ እንከን አለው። የተሠራው የአዲስ ተጫዋቾች ደመወዝ በ2011 ስምምነት ከመገደቡ በፊት ነው፤ ላይኛዎቹን ምርጫዎችም ከልክ በላይ ያስወድዳል። ኢኮኖሚስቶቹ ኬድ ማሲና ሪቻርድ ታለር ቡድኖች ለላይኛው ምርጫ ከሚያስገኘው በላይ እንደሚከፍሉ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ሠንጠረዦች ቁልቁለታቸው ለስለስ ያለ ነው። በየትኛውም አስሉ፤ በአንድ ክርክር ውስጥ ግን ሁለት ሠንጠረዥ አታቀላቅሉ።

የሚመጣው ዓመት ምርጫ ደግሞ ቅናሽ አለው። በቢሮዎቹ የተለመደው ልክ በዓመት አንድ ዙር ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ዙር የዘንድሮን ሁለተኛ ዙር ያህል ይቆጠራል። በእኔ ግምት ይህ ቅናሽ የተጋነነ ነው። ሥራው አደጋ ላይ ያለ ጄኔራል ማናጀር ነገን ስለሚያረክስ የመጣ ልማድ ነው፤ ደጋፊ ደግሞ አይባረርም። ሆኖም የሁለት ዓመት ምርጫን በሙሉ ዋጋው የሚደምር ሰው ላም አለኝ በሰማይ እያለ መሆኑን ይወቅ።

ከነጥቡ ጎን ገንዘቡን አስቀምጡ። በኦገስት 2025 ፓከርስ ማይካ ፓርሰንስን ከካውቦይስ ሲወስድ ሁለት አንደኛ ዙርና ኬኒ ክላርክን ሰጠ፤ ለፓርሰንስ ደግሞ በአራት ዓመት 188 ሚሊዮን ዶላር፣ በዓመት 47 ሚሊዮን ማለት ነው። በዚያው ዓመት ድራፍት አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ካም ዋርድ የአራት ዓመት ኮንትራቱ በጠቅላላ ከ49 ሚሊዮን በታች ነው። የገዢው እውነተኛ ወጪ ምርጫውና አዲሱ ኮንትራት በአንድ ላይ ናቸው፤ ሻጩም የሚያገኘው ምርጫውንና የተለቀቀውን ጣሪያ በአንድ ላይ ነው። በዚህ በኩል ያለውን የማይቆጥር ክርክር ግማሽ ነው። ካውቦይስ ከሁለት ወር በኋላ የ2026 ሁለተኛ ዙርና የ2027 አንደኛ ዙር ከማዚ ስሚዝ ጋር ለጄትስ ሰጥቶ ኩዊነን ዊሊያምስን ማምጣቱን አስታውሱ። ምርጫ ገንዘብም ነው፤ ድራፍቱ ቀን ድረስ መቀመጥ የለበትም።

መቼ ይሸጣል?

ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚቆርጠው የቀረው የኮንትራት ዕድሜ ነው። ሚንካ ፊትዝፓትሪክ በሴፕቴምበር 2019 ከዶልፊንስ ወደ ስቲለርስ ሲሄድ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ሴፍቲ (ከኋላ የሚቆም ተከላካይ) ሆኖ ሳለ አንደኛ ዙር ያወጣው ከፊቱ ርካሽ ዓመታት ስለነበሩ ነው። ሮኳን ስሚዝ ግን በኦክቶበር 2022 ኮንትራቱ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት ከቤርስ ወደ ሬቨንስ ሲሄድ ሁለተኛና አምስተኛ ዙር፣ ከአንድ ተጫዋች ጋር ነው ያስገኘው። መሀል ላይ የሚጫወት ላይንባከር መሆኑም ዋጋውን ቀንሷል፤ ገበያው ኳርተርባክ አሳዳጁንና ኮርነርባኩን ያስቀድማል።

የብራያን በርንስ ጉዳይ ለማንኛውም «ይቆይ» ባይ መልስ ነው። በ2022 ራምስ ሁለት አንደኛ ዙር ማቅረቡ በሰፊው ተዘገበ፤ ፓንተርስ እምቢ አለ። በማርች 2024 ለጃያንትስ ሲሸጠው ዋናው ያገኘው 39ኛው ምርጫ ነበር። ተጫዋቹ አልደከመም፤ ኮንትራቱ አልቆ ገዢው 141 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ስለነበረ ነው ዋጋው የወረደው። ለመሸጥ ጥሩው ጊዜ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው፤ አንድ ዓመት ሲቀረው መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ማጣሪያ ሽያጭ ነው።

«ልሂድ» ብሎ የጠየቀ ሁሉ ግን አይሄድም። ማይልስ ጋሬት በፌብሩዋሪ 2025 ልውውጥ ጠየቀ፤ በማርች ከብራውንስ ጋር በዓመት 40 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ጥያቄው የደመወዝ ድርድር ሊሆን ስለሚችል የምርጫ ስሌት ከመጀመራችሁ በፊት ሳምንታት መጠበቅ አይጎዳም።

በምርጫው የተገኘውን ልጅ ስም ይዞ ልውውጡን መፍረድም የተለመደ ስሕተት ነው። ሬይደርስ በ24ኛው የመረጠው ጆሽ ጃኮብስ በ2022 ኳስ ይዞ በሮጠው ርቀት ሊጉን መራ፤ በ19ኛው የመረጠው ዴሞን አርኔት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተሰናበተ። ሁለቱም የመረጠው ሰው ሥራ ናቸው፤ ማክን ሸጦ የተገኘው ዋጋ ግን በሁለቱም ቀን ያው ነበር።

ወሬው በውድድር ዘመኑ መካከል ከሆነ የልውውጥ መዝጊያው ከዘጠነኛው ሳምንት ጨዋታ በኋላ ያለው ማክሰኞ ነው። ከስምምነቱ በኋላም የሐኪም ምርመራ ይቀራል፤ ተጫዋቹ ካላለፈ ልውውጡ ሊፈርስ ይችላል። ከምርጫዎቹ መካከል «በሁኔታ የተገደበ» የሚል ካለ ሁኔታው እስኪታወቅ ድረስ ዝቅተኛውን ዙር አስሉ።