የሞተር ስቲከር ሲያነሱ ቀለሙን አብረው እንዳያነሱ

ከፋብሪካ የመጣው መስመር ስቲከር ጠርዙ ተልጦ፣ መሃሉ ተሰነጣጥቆ ሞተር ሳይክሉን አስረጅቶታል። ወይም ስቲከሩ ደህና ነው፣ እርስዎ ግን ወጥ ቀለም ይወዳሉ። ማንሳቱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ካልቸኮሉ። ከቸኮሉ ጉዳዩ ቀለም ቀቢ ጋ ይደርሳል። ከሚከተሉት ስህተቶች አንዳንዶቹን ሌላ ሰው ሲሠራቸው አይቻለሁ። የምላጩን ግን በገዛ እጄ ነው የሠራሁት።

ስቲከሩ ከላይ ይሁን ከስር ሳያረጋግጡ መጀመር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የፋብሪካ ስቲከር ሁሉ ከቀለሙ በላይ አይለጠፍም። አንዳንዱ፣ በተለይ የቤንዚን ታንከሩ ላይ ያለው፣ ከተለጠፈ በኋላ ክሊር ይረጭበታል። ክሊር ማለት ቀለሙን የሚሸፍነውና የሚያብረቀርቀው ግልጽ ንብርብር ነው። እንዲህ ያለውን ስቲከር ሙቀትም ፈሳሽም አያወጣውም። ያለው መንገድ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ እንደገና መቀባት ብቻ ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። ጠርዙን በጥፍርዎ ይዳስሱ። ጥፍርዎን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ጠርዝ ካለ ስቲከሩ ከላይ ነው። ለስላሳ ጉብታ ብቻ ከተሰማዎት፣ ወይም ምንም ካልተሰማዎት፣ ክሊሩ ስር ነው። አንዱን ክፍል ብቻ ዳስሰው አይለፉ። በአንድ ሞተር ላይ የታንከሩ ከስር፣ የጎን ፕላስቲኩ ደግሞ ከላይ ሊሆን ይችላል።

ሞተሩን ከሌላ ሰው ከገዙት ሌላም ጥያቄ አለ። ያ ክፍል እንደገና ተቀብቶ ያውቃል? ድጋሚ የተቀባ ቀለም እንደ ፋብሪካው አጥብቆ ላይይዝ ይችላል፤ ስቲከሩን ሲስቡ ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ከማይታይ ጫፍ፣ ለምሳሌ ከመቀመጫው ስር ከሚገባው በኩል ይጀምሩ።

ሳልረሳው፦ ስለ ጎማ ንፋስና ስለ ሰንሰለት የሚያስጠነቅቁትን ትንንሽ ጽሑፎች አይንኩ። እነሱ ለጌጥ አይደሉም።

ሳያጥቡ መሥራት

አቧራው ላይ ጨርቅ ማሸት ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ነው። በሳሙናና በውሃ ይጠቡት፣ ያድርቁት። በቃ።

በብርድ መሳብ፣ ወደ ላይ መሳብ

ስቲከሩ የሚሠራበት ስስ ፕላስቲክ፣ ቪኒል፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሙጫውም ይላላል። ዓመታት ፀሐይ የመታው ስቲከር ሳይሞቅ ከተሳበ እንደ ደረቀ ቅጠል በጥፍር ስፋት እየተቆራረጠ ይወጣል። ያኔ የአንድ ከሰዓቱ ሥራ ቀኑን ሙሉ ይሆናል።

የፀጉር ማድረቂያ ይበቃል። የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ያሙቁ፤ ማድረቂያውን እያንቀሳቀሱ። ጫፉን በጥፍር ካነሱ በኋላ ስቲከሩን ወደ ራሱ መልሰው አጥፈው፣ ከቀለሙ ጋር አስተኝተው፣ በዝግታ ይሳቡ። ሽቅብ ቀጥ አድርገው ሲጎትቱ ጉልበቱ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ስቲከሩ መለጠጥ ወይም መቀደድ ከጀመረ በጉልበት አይታገሉት። ቀዝቅዟል ማለት ነው፤ መልሰው ያሙቁት።

ሙቀት ካበዙት ይሻላል ብሎ ማሰብ

ሂት ገን የሚባለው የሙቅ አየር መሣሪያ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል። የብዙ ሞተሮች ፕላስቲክ የሚሠራበት ኤቢኤስ ግን 100 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የጎን ፕላስቲኩ ተጣሞ ከብሎኑ ቀዳዳ ጋር አልገጥም ይላል። መለኪያዎ ጣትዎ ይሁን። ጣትዎን አሳርፈው ማቆየት ካልቻሉ ሙቀቱ በዝቷል።

ታንከሩ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ላይተርም ሆነ ሌላ ነበልባል አጠገቡ አይድረስ። ብዙ ሰው «ቤንዚኑን አውጥቼዋለሁ፣ ባዶ ነው» ይላል። የሚቀጣጠለው ግን ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው፤ ባዶው ታንከር ደግሞ ትነትና አየር የተቀላቀለበት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል። እኔ ታንከር ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አልጠቀምም። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ጥቂት ደቂቃ አለብሰዋለሁ። ሲቀዘቅዝ እደግመዋለሁ። ያዘገያል፣ ግን እንቅልፍ አይነሳም።

ምላጭ

አንድ ጊዜ ጫፉ አልነሳ ያለኝን ስቲከር «ትንሽ ብቻ» ብዬ በምላጭ ቀስ አድርጌ ገባሁበት። ስቲከሩ ወጣ። ምላጩ የሄደበት መስመርም ቀረ፤ ጥቁር ቀለም ላይ፣ ልክ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ። ስቲከሩ ከጭረቱ ያምር ነበር።

ብረት አይጠቀሙ። አሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዙን አለስልሰው በሳሙና ውሃ እያራሱ ይግፉበት። በወፍራም ማጣበቂያ ለተያዘ ጉብ ያለ የስም ምልክት የዓሣ ማጥመጃ ክር ወይም የጥርስ ክር ከስሩ አስገብተው ወዲያና ወዲህ እንደ መጋዝ ይሳቡ።

የተገኘውን ፈሳሽ ማፍሰስ

ስቲከሩ ሳይነሳ ላዩ ላይ ፈሳሽ መቀባት ከንቱ ነው። ቪኒሉ አያሳልፈውም፤ ሙጫው ጋ አይደርስም። ፈሳሹ የሚያስፈልገው ስቲከሩ ከወጣ በኋላ ለቀረው ሙጫ ነው።

ታዲያ የትኛው? ቲነርና አሴቶን አይሁኑ። አሴቶን ኤቢኤስ ፕላስቲክን ያሟሟል፤ ቲነር ቀለሙን ሊያደበዝዘው ወይም ሊያለሰልሰው ይችላል። ቤንዚንም ይቅር፤ እሳቱ ሳያንስ ትነቱን መተንፈስም አለ። ለዚህ ተብለው የሚሸጡ የሙጫ ማስለቀቂያዎች፣ ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት የሚሠሩትም ጭምር፣ ወይም ደብልዩ ዲ 40 የሚባለው የሚረጭ ቅባት ይሠራሉ። ለቀሪው ስስ ሙጫ አልኮል ይበቃል። የትኛውንም ቢሆን መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ይሞክሩ። ጨርቁ የቀለሙን ከለር ይዞ ከመጣ ያቁሙ።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በፈሳሹ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ጊዜም አይሰጠውም። ቀብቶ ወዲያው ይፈትጋል። ጨርቅ ነክረው ሙጫው ላይ አሳርፈው ትንሽ ይታገሱ። ሙጫው ያብጥና በጣት ሲገፉት እየተጠቀለለ ይወጣል። በሚያቃጥል ፀሐይ ግን አይሥሩ፤ ፈሳሹ ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። በመጨረሻ ቅባቱን በሳሙና ይጠቡት።

የስቲከር መፋቂያ ጎማውን ግራይንደር ላይ መግጠም

ስቲከር የሚፍቅ፣ እንደ ላጲስ ያለ ክብ ጎማ አለ። ለብረት ላይ ቀለም ጥሩ ነው፣ ግን በመሰርሰሪያ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት። ብረት የሚቆረጥበት ግራይንደር በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ ጎማው ለዚያ አልተሠራም። አንድ ቦታ ላይ ካቆሙትም ፍትጊያው ቀለሙን ያቃጥላል። ፕላስቲክ ላይ ባይሞክሩት ይሻላል።

ጥላውን በጉልበት ለማጥፋት መሞከር

ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ሳለ የስቲከሩ ቅርጽ አሁንም ይታያል። የቀረ ሙጫ ነው ብለው መፈተግ አይቀጥሉ። ዙሪያው ዓመታት ፀሐይ መትቶት ደብዝዟል፣ ስሩ ያለው ግን እንደ አዲስ ነው። የደበዘዘው ዙሪያው ነውና ፖሊሽ የሚደረገውም ዙሪያው ነው፤ ስቲከሩ የነበረበትን ቦታ ብቻ ካሹ ልዩነቱ ይብሳል። ቀጭን ፖሊሽ ይዘው ክፍሉን በሙሉ በእጅ ይሥሩ። ክሊር ብዙውን ጊዜ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ብዙም አይበልጥም፤ ጠርዝና እጥፋት ላይ ደግሞ ይሳሳል። የማያብረቀርቅ፣ ማት ቀለም ከሆነ ጭራሽ ፖሊሽ አይንኩት፤ የታሸው ቦታ ማብረቅ ይጀምራል፣ አይመለስምም።

ሥር የሰደደ ጥላ በፖሊሽ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። አዲስ ስቲከር ለመለጠፍ ካሰቡ ከአሮጌው ትንሽ ሰፋ አድርገው ያስቆርጡት፤ ለዚህ ሲባል አሮጌውን ሳያነሱ በፊት ለክተው፣ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።