በትምህርት ቤት የተማሪዎች መደጋገፊያ ቡድን እንዴት ይቋቋማል?

ልጆች ሲጨንቃቸው ቀድመው የሚነግሩት ለመምህር ወይም ለወላጅ አይደለም፤ ለጓደኛ ነው። ጓደኛ የሌለውስ? ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። አብሮ አደጎች ተበትነዋል። አንዳንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ቀይሯል፤ አንዳንዱ ከገላን ጉራ ሌሊት ተነስቶ አራት ኪሎ ድረስ ይመላለሳል። ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚደርስ የተማሪዎች ቡድን ማቋቋም ይቻላል። ብዙ ብርም አይጠይቅም።

መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩን አናግሩ። ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ጸጥ ያለ ክፍልና ቡድኑን የሚከታተል መምህር ጠይቁ። የሥነ ልቦና አማካሪ ካለ እሱ ይሁን። ከሌለ፣ በእረፍት ሰዓት ተማሪዎች ከበው የሚያወሩትን መምህር ፈልጉ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ግን አይሁን። ትናንት የቀጣው ሰው ፊት ዛሬ የሆዱን የሚያወራ ልጅ የለም። ለወላጅ መምህር ኅብረቱም ቀድሞ ይነገር።

ቀጥሎ ልጆቹን መምረጥ ነው። ብዙ ቦታ አለቆችንና የደረጃ ተማሪዎችን ሰብስቦ መገላገል የተለመደ ነው። እኔ አልስማማበትም። አለቃ ማለት የረባሽ ስም የሚጽፍ ልጅ ነው፤ ማን ምስጢሩን ይነግረዋል? ይልቅ በየክፍሉ ቁራጭ ወረቀት አድሉ። «ቢከፋህ ከክፍልህ ልጆች ለማን ታወራለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መላሹ የራሱን ስም አይጻፍ። ተደጋግመው የሚመጡት ስሞች ያልጠበቃችኋቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብላ የምትቀመጠው ልጅ ለምሳሌ። ሴትም ወንድም ይኑር። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ ከጠዋቱም ከከሰዓቱም ውሰዱ። 12ኛ ክፍሎችን ተዉአቸው፤ ፈተናው ይበቃቸዋል። ማንም ተገዶ አይግባ። አንድ ለአምስትን የምናስታውስ ሰዎች እናውቀዋለን፤ በግዳጅ የተደራጀ ነገር የሚኖረው ሪፖርት ላይ ነው።

ከዚያ ስልጠና። በወረቀት የሚነበብ ስልጠና አልወድም፤ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አለማምዷቸው። አንዷ «እናትና አባቴ ሊለያዩ ነው» ትበል። ጓደኛዋ ወዲያው «አይዞሽ፣ ያልፋል» ትላለች። ወሬው እዚያው ያበቃል። እንደገና ይሞክሩት። አሁን «መቼ ሰማሽ?» ብላ ትጠይቅና ዝም ትበል። ያ ዝምታ መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል፤ ልጅቷ የምታወራው ግን በእሱ ውስጥ ነው። ምክር መስጠት የእነሱ ሥራ አይደለም። መስማትና ብቻዋን አለመተው ነው።

ከሁሉም ከባዱ የምስጢር ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እኛ አገር ገመናን ለባዳ ማውጣት ነውር ነው ተብለን አድገናል። ስለዚህ ልጅ ማውራት የሚጀምረው «ለማንም አትናገሪም አይደል?» ብሎ ነው። የቡድኑ አባል «እሺ፣ እምላለሁ» ካለች ተጠመደች። ነገ እዚያው ልጅ ላይ ጉዳት ቢደርስ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ያንን ይዛ ልትኖር ነው። ስለዚህ ወሬው ሳይጀመር ይህን እንድትል አስለምዷት፦ «የምታወሪኝ እዚሁ ይቀራል። አንቺን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ነገር ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ አብረን ለቲቸር እንነግራለን።»

ያ «የሚጎዳ ነገር» በግልጽ ይዘርዘርላቸው፦ ራሴን ላጠፋ ነው ማለት፣ ቤት ውስጥ መደብደብ፣ ወሲባዊ ጥቃት። እነዚህ ሳያድሩ በዚያው ቀን ለኃላፊው መምህር ይደርሳሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው የአዋቂ ሥራ ነው፤ ጤና ጣቢያም ይሁን አማኑኤል ሆስፒታል፣ ወይም ፖሊስ። ጥቃት አድራሹ ከቤት ከሆነ ለወላጅ ደውሎ መገላገል ልጅቷን ለባሰ ነገር መዳረግ ነው። መምህሩ የእነዚህን ቦታዎች ስልክ ቡድኑ ሥራ ሳይጀምር ይያዝ። አባላቱ ደግሞ የማንንም ስምና ታሪክ ደብተር ላይ አይጻፉ። ደብተር ይጠፋል፤ ይነበባል።

ቡድኑን በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይና በሚኒ ሚዲያው አስተዋውቁ። ተማሪዎች ወረቀት ጽፈው የሚከቱበት ሳጥን ካስቀመጣችሁ ከቢሮ ራቅ ይበል። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ የተሰቀለ ሳጥን ባዶውን ይከርማል። ቤተ መጻሕፍት ጥግ ይሻላል፤ ቁልፉም ከኃላፊው መምህር እጅ አይውጣ።

መምህሩ በየሳምንቱ ከአባላቱ ጋር ይቀመጥ። ስም ሳይጠራ የከበዳቸውን ያውሩ። የሰው ጭንቀት መስማት ይደክማል። እንቅልፍ ያጣች ወይም ውጤቷ የወረደ አባል ካለች ለጥቂት ሳምንት ትረፍ፤ በምትኳ ሌላ ይግባ። ግንቦት ላይ ፈተና ሳይደርስ ለቀጣዩ ዓመት የሚተኩትን ምረጡና ከነባሮቹ ጋር አብረው ይልመዱ።