ሶፕዊዝ ካሜል፦ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

እ.ኤ.አ. በ1917 አጋማሽ በምዕራቡ ጦር ግንባር ሥራ የጀመረው የእንግሊዙ ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ አውሮፕላን ሶፕዊዝ ካሜል፣ ለጠላት ከነበረው አስፈሪነት ባልተናነሰ ለገዛ ጀማሪ አብራሪዎቹም አደገኛ ነበር። ችግሮቹ በአብዛኛው የአሠራሩ ጠባዮች እንጂ ብልሽቶች ስላልነበሩ፣ መፍትሄያቸው ከመካኒኩ መፍቻ ይልቅ በአብራሪው እጅና እግር ላይ ነበር።

ችግር፦ አውሮፕላኑ መሬት እንደለቀቀ ሞተሩ ይንተፋተፍና ይጠፋል።
መንስኤ፦ በ130 የፈረስ ጉልበቱ ክሌርዤ ሞተር ላይ አየሩና ቤንዚኑ የሚመጠኑት በተለያዩ እጀታዎች ነው፤ ለመነሳት የተለቀቀው ቤንዚን ከተነሱ በኋላ ካልተቀነሰ ሞተሩ ይታፈናል።
መፍትሄ፦ ከመሬት እንደተላቀቁ የቤንዚኑን እጀታ በጥቂቱ መመለስ። ከታፈነ ደግሞ ወዲያው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነትን መጠበቅ፣ ቤንዚኑን ዘግቶ ጥቂት ሰከንድ መታገስ፣ ፕሮፔለሩ በነፋስ እየዞረ የተጠራቀመውን ሲያጠራ ቀስ ብሎ መክፈት። ሞተሩ አልነሳ ካለ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ማረፍ እንጂ ወደ መነሻው መታጠፍ አይገባም፤ ፍጥነት አጥቶ ዝቅ ብሎ የሚታጠፍ ካሜል እየተሽከረከረ ይወድቃልና።

ችግር፦ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አፍንጫው ይዘቀዘቃል፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሽቅብ ይነሳል።
መንስኤ፦ ሲሊንደሮቹ ራሳቸው ከፕሮፔለሩ ጋር ስለሚዞሩ ሞተሩ እንደ ከባድ እንዝርት ነው። ሞተሩ፣ መትረየሶቹ፣ አብራሪውና ነዳጁ ሁሉ በፊተኛው ሁለት ሜትር ገደማ ውስጥ ስለታጨቁ ይህን ጉልበት የሚያረጋጋ ነገር የለም።
መፍትሄ፦ በሁለቱም መታጠፊያዎች የግራውን ፔዳል መርገጥ፤ ይህ ለጀማሪ እንግዳ ነው። መሽከርከር ከጀመረ ከሽክርክሩ በተቃራኒ ያለውን ፔዳል ረግጦ መሪውን ወደ ፊት መግፋት፣ ሲያቆም በዝግታ ማቃናት። ልምምዱ ግን ከፍ ብሎ ይደረግ።

ነዳጁ ሙሉ ሲሆን ጅራቱ የሚከብደው ዋናው በርሜል ከአብራሪው ጀርባ በመሆኑ ነው፤ የጅራቱ ክንፍ በበረራ ላይ ስለማይስተካከል፣ ነዳጁ እስኪቀንስ መሪውን ወደ ፊት ገፍቶ ከመያዝ ሌላ መላ የለም። ፊት ላይ የሚረጨው የጉሎ ዘይት ግን ብልሽት አይደለም፤ ሞተሩ ዘይቱን ተጠቅሞ ወደ ውጭ የሚጥል ነው፣ ጣጣውም በአብዛኛው የሚያርፈው በአብራሪው ሆድ ላይ ነው።

በሌሊት ሲተኮስ ዓይን የሚያጨልመው፣ ከአብራሪው ፊት የተተከሉት የሁለቱ ቪከርስ መትረየሶች ብልጭታ ነው። ለዚህ ራሱ አውሮፕላኑ ተለወጠ፦ በሌሊት ተዋጊዎቹ ላይ በላይኛው ክንፍ በተሰቀሉ የሉዊስ መትረየሶች ተተኩ።