ከጎንደር ሮም፦ ሦስት ቀን በሐምሌና በነሐሴ

እኛ ጋ ሐምሌ ሲገባ ጃኬት ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ሮም በዚያው ሰሞን ትነዳለች። ከ35 ዲግሪ በላይ መሆኑ ብርቅ አይደለም፣ ያውም ድንጋዩና አስፋልቱ የቀኑን ሙቀት ይዞ ስለሚያድር ሌሊቱም እንደ ጎንደር ሌሊት አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ስለ ሙዚየም ሳይሆን ስለ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ውጭ ውጭውን ጨርሱ። ከ6 እስከ 11 ሰዓት ጥላ ፈልጉ፣ ብትተኙም ማንም አይፈርድባችሁም። ከዚያ እንደገና ውጡ። በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ ከእራት በፊት ግማሽ ከተማ መዞር ይቻላል።

ሰዓት ስል በእኛ አቆጣጠር ነው። ቲኬታችሁ ላይ 09:00 ካለ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው። ይሄ ለማንም ግልጽ ይመስላል፣ በድካም መሃል ግን ይምታታል፤ የኮሎሲየም በረኛ ደግሞ ለዘገየ ሰው አንጀቱ አይራራም።

ቪዛው ላይ ብዙ አልቆይም። የሼንገን ቪዛ ነው፣ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት አትቁረጡ። ከአዘዞ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቀጥታ ሮም ነው። ፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ስታርፉ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ14 ዩሮ በግማሽ ሰዓት ገደማ ዋናው የባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ያደርሳችኋል።

ቀድማችሁ በኦንላይን መያዝ ያለባችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ኮሎሲየምና የቫቲካን ሙዚየሞች። የኮሎሲየም ቲኬት ስም አለበት፣ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ያመሳክሩታል። የአባትና የአያት ስም ጉዳይ እኛን ሁሌም ስለሚያምታታን ፓስፖርቱን ከፊታችሁ አስቀምጣችሁ ልክ እንደተጻፈው ቅዱት። ተራው ቲኬት 18 ዩሮ ሲሆን የጥንቷን ሮም አደባባይ ፎረሙንና የፓላቲን ኮረብታንም ይጨምራል። ፓላቲኑን ማንም ቸኩሎ ያልፈዋል፣ እኔ ግን ከኮሎሲየሙ ውስጥ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፤ ዛፍ አለ፣ ነፋስ አለ፣ የነገሥታቱ ግቢ ፍርስራሽ መሃል እየተዘዋወራችሁ ታች ያለውን ከተማ ታያላችሁ፣ ለጎንደር ልጅ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ እንግዳ አይደለም። በር ላይ «ያለ ሰልፍ ላስገባችሁ» የሚሉ ደላሎች ይከቧችኋል። ሰምታችሁ እንዳልሰማችሁ እለፉ።

ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ኮሎሲየም ነፃ ነው። ሰልፉ ግን ዋጋውን ያስከፍላል። የቫቲካን ሙዚየሞች እሑድ ዝግ ናቸው፣ ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር።

ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያ አይከፈልም። ጠዋት በ1 ሰዓት ስለሚከፈት ያን ጊዜ ድረሱ፤ ከ3 ሰዓት በኋላ አደባባዩ ላይ በፀሐይ መሰለፍ ነው። ትከሻና ጉልበት ሳይሸፍኑ አያስገቡም። እህቶቼ፣ ነጠላ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ለቤተ ክርስቲያኑም ለፀሐዩም ይሆናል። ወንዶች ቁምጣውን ለሌላ ቀን። አደባባዩ ላይ ቆማችሁ ግራና ቀኝ ያቀፋችሁን የዓምድ ሰልፍ ስታዩ አንድ ነገር አስቡ። ባዚሊካው የተባረከው እ.ኤ.አ. በ1626 ነው፣ አጼ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ከ10 ዓመት በኋላ በ1636። አርክቴክቱና ቀራፂው በርኒኒ ዓምዶቹን ጀምሮ የጨረሰው ከ1656 እስከ 1667 ሲሆን ፋሲል ያረፉትም በዚያው በ1667 ነው። ሁለቱ ከተሞች አንድ ዘመን ላይ ነበር ድንጋይ የሚያስጠርቡት።

የበርኒኒ ነገር ከተነሳ ማታ ማታ ፒያሳ ናቮና ሂዱ። መሃል ላይ ያለው የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ በ1651 ያለቀ ነው። ዳኑብ፣ ጋንጅስ፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታና የእኛው ዓባይ በሰው አምሳል ተቀርጸዋል። ዓባይ ራሱን በጨርቅ ሸፍኗል፣ ምንጩ አይታወቅም ነበርና ነው ይላሉ። አይታወቅም? ጎጃም ሰከላ ያለ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የካቶሊክ ቄስ እንኳ በ1618 ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዶ አይቶታል።

አሁን ደግሞ አስጎብኚዎች ወደማይወስዷችሁ ቦታ። ከተርሚኒ ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው 500 ገደማ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። የሐውልታቸው ቦታ ግን ተቀይሯል፤ ወደ ጥንታዊዎቹ የዲዮክሌዚያን መታጠቢያዎች ስትሄዱ ትንሽ መናፈሻ ውስጥ በግብፅ ድንጋይ የቆመውን ታገኙታላችሁ። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ የተተከለው እዚያ ነበር፣ ዘርዓይ ደረስም በ1938 ጎራዴውን የመዘዘው እዚያው ነው። አንበሳው ተመልሶ አዲስ አበባ ለገሃር ቆሟል። ዛሬ መናፈሻው ውስጥ ሰው ሳንድዊቹን ይበላል።

ከዚያ በምድር ውስጥ ባቡሩ በሜትሮ ቢ መስመር ሄዳችሁ ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ውረዱ። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው እዚያ፣ ዛሬ ፋኦ በሚባለው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ነው፤ ሕንፃው ራሱ ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር የተሠራ ነበር። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ቤቱ ገባ። በዚያው መስመር ቀጥላችሁ ኤውር ማሊያና ስትደርሱ ደግሞ የጎንደር ፒያሳን ያሠራው የፋሽስት መንግሥት ለራሱ ዋና ከተማ የቀየሰውን ሰፈር ታያላችሁ። ስድስት ፎቅ ሙሉ በቅስት በቅስት የተደረደረበት ነጭ ሕንፃ አለ፣ አናቱ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። ጽሑፉ ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1935 በእኛ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ከተናገረው ንግግር የተወሰደ ነው። ከሕንፃው ጋር ፎቶ የሚነሳው ቱሪስት አብዛኛው ይሄን አያውቅም፣ እናንተ ግን እወቁት።

ወደ ሆድ እንመለስ። ሮማውያን የሚኮሩባቸው ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ ሦስቱም የአሳማ ጉንጭ ሥጋ አለባቸው። ካቾ ኤ ፔፔ ብትሉ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ ከሄዳችሁና ፍልሰታን ከጾማችሁ አትጨነቁ፣ እንዲያውም ጣሊያን ለጿሚ ይመቻል። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ነው፣ አይብ የለውም። ፓስታ አራቢያታ ወይም ፓስታ ፖሞዶሮ እዘዙና «ሴንሳ ፎርማጆ» በሉ፣ አይቡን ይተውላችኋል። ትኩስ ፓስታ የሚሉት ብዙ ጊዜ እንቁላል ስላለበት ደረቁን ጠይቁ። እንጀራ ካማራችሁ ተርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ቤቶች አሉ።

አንድ ነገር ግን፦ ነሐሴ 9 ወይም በእነሱ ኦገስት 15 ትልቅ በዓላቸው ነው። በዚያ ሰሞን የሮም ሰው ወደ ባሕር ይሄዳል፣ ሰፈር ውስጥ ያሉ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። ከተማዋ ጭር ትላለች። ለመዞር ጥሩ፣ ለመብላት ግን እንደ ልብ አይደለም።

ማኪያቶ ስታዙ የምትመጣላችሁ ሁለት ጉንጭ የማትሞላ ስኒ ናት። የለመድነውን ወተት በዛ ያለ የምትፈልጉ ካፑቺኖ በሉ። ቆማችሁ ባንኮኒው ላይ ጠጡ፤ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል፣ ቱሪስት በበዛበት አደባባይማ እጥፍም ሊሆን ይችላል። ውሃ አትግዙ። ከተማው ውስጥ ወደ 2,500 የሚጠጉ «ናዞኒ» የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ቀዝቃዛ የሚጠጣ ውሃ ያፈሳሉ፤ ባዶ ሃይላንድ ይዛችሁ መሙላት ነው። የስፔን ደረጃ ላይ ግን ደክሞኛል ብላችሁ እንዳትቀመጡ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል።

ቀትር ላይ መግቢያ ካጣችሁ የጥንቱ የሮማውያን ቤተ መቅደስ ፓንቴዮን ግቡ፣ 5 ዩሮ ነው። 43 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላቱ መሃል ላይ ክፍት ነው፣ የፀሐይዋ ክብ ግድግዳው ላይ ስትዞር ትታያለች፣ ውስጡም ቀዝቀዝ ይላል።

የአውቶቡስና የሜትሮ ቲኬት 1.50 ዩሮ ሲሆን ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። ወረቀቱን ስትሳፈሩ ማሽኑ ውስጥ ማስመታት አትርሱ፣ ተቆጣጣሪ ሰበብ አይሰማም። ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂ የታወቀ ነው፤ ቦርሳ ወደ ፊት፣ ስልክ ከኋላ ኪስ ይውጣ። የመመለሻ ቀናችሁ ዓርብ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት የሆቴሉን ሰው ስለ አድማ ጠይቁ፣ የባቡርና የአውቶቡስ ሠራተኞች አድማ መምታት የሚወዱት ዓርብ ነው። አድማ ካለ ታክሲ በሌሊት ይያዝ።