የአባይ ደለል ትንበያ፦ ሐምሌን አሳንሶ መስከረምን የሚያጋንን ሞዴል እንዴት ተስተካከለ

ሞዴሉ ራንደም ፎረስት (የብዙ የውሳኔ ዛፎችን ትንበያ አማክሎ መልስ የሚሰጥ የማሽን ትምህርት ዘዴ)፣ ግብዓቱ ዕለታዊ የውኃ ፍሰት ብቻ ነበር። የዛፎቹን ቁጥር መጨመር ምንም አልፈየደም፤ ችግሩ ያለው ወንዙ ጋ ነው። በክረምቱ መግቢያ ማሳው ታርሶ እርቃኑን ስለሆነ ዝናቡ የላላውን አፈር ጠርጎ ያወርደዋል። መስከረም ላይ ግን ሰብሉ መሬቱን ሸፍኗል፤ ፍሰቱ እኩል ቢሆንም ውኃው የሚሸከመው ደለል በጣም ያንሳል። ፍሰትን ብቻ የሚያይ ሞዴል ሁለቱን ወራት ያማክላቸዋል።

ሦስት ግብዓቶች ተጨመሩ፦ ከሰኔ 1 ጀምሮ የተጠራቀመ ዝናብ፣ የዛሬው ፍሰት ከትናንቱ ያለው ልዩነት፣ ያለፉት 3 ቀናት አማካይ ፍሰት። የደለሉ መጠን (ግራም በሊትር) ወደ ሎጋሪዝም ተቀየረ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ትንበያውን ከሎጋሪዝም እንዲሁ ከመለሱት ዓመታዊ ድምሩ ያንሳል። ሞዴሉ ካልሠለጠነባቸው ቀናት ስህተቶችን (የእውነተኛው ሎጋሪዝም ሲቀነስ የተተነበየው) ወስዶ፣ እያንዳንዱን ከሎጋሪዝም መልሶ፣ ትንበያውን በአማካያቸው ማባዛት ያስፈልጋል። ቶን በቀን ለማግኘት ግራም በሊትሩን በፍሰቱ (ሜትር ኪዩብ በሰከንድ) እና በ86.4 ያባዙ።

ሞዴሉ የሚሠለጥንባቸውና የሚፈተንባቸው ቀናት በዓመት ይከፈሉ። ቀናቱ በዘፈቀደ ከተከፈሉ ሞዴሉ የሐምሌ 10ን መልስ ከሐምሌ 9 ይኮርጃል፤ ውጤቱም በከንቱ ያማረ ይመስላል።

ራንደም ፎረስት በሥልጠናው ካየው ከፍተኛ መጠን በላይ አይተነብይም። ለብርቱ ጎርፍ የተለመደው የፍሰትና ደለል ቀመር አብሮ ይቀመጥ።