ደመወዝዎ በ«ብድር» ስም እየተከፈለ መሆኑን እንዴት እንደሚያውቁ፣ እንዴትስ እንደሚወጡ

በብሪታንያ በኤጀንሲ በኩል የሚሠራ ነርስ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ወይም የኮምፒውተር ባለሙያ ደመወዙን ብዙ ጊዜ የሚቀበለው «አምብሬላ ካምፓኒ» ከሚባል አገናኝ ድርጅት ነው። ከእነዚህ ድርጅቶች ሕጉን አክብረው የሚሠሩት ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል እምብዛም ያልበለጠ ክፍያ በደመወዝ ስም ይሰጡና የቀረውን «ብድር ስለሆነ ግብር አይከፈልበትም፤ መልሶ የሚጠይቅዎትም የለም» በማለት ይከፍላሉ። ዕዳው ውሎ አድሮ የሚያርፈው በሠራተኛው ላይ ስለሆነ ከመፈረምዎ በፊት ማጣራት፣ ፈርመው ከሆነም መውጫውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ዘዴው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2000 «አይአር 35» የተባለው ደንብ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ደንቡ በራሳቸው አነስተኛ ኩባንያ ስም እየሠሩ በተግባር ግን እንደ ተቀጣሪ የሚያገለግሉ ባለሙያዎች ግብራቸውን እንደ ተቀጣሪ እንዲከፍሉ የሚያደርግ ስለነበረ፣ ብዙዎቹ ከውስብስቡ ለመገላገል ሲሉ ይህን የብድር ዘዴ የሚሸጡ አማካሪ ነን ባዮችን ተከተሉ። በ2017 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሬንጀርስ የእግር ኳስ ክለብ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ለሥራ የተከፈለ ገንዘብ በሦስተኛ ወገን በኩል አልፎ «ብድር» ቢባልም ደሞዝነቱ እንደማይቀር አረጋገጠ። በዚያው ዓመት የወጣው «ሎን ቻርጅ» የተሰኘ ሕግ ደግሞ እስከ ሚያዝያ 5 ቀን 2019 ድረስ ያልተመለሱ ብድሮችን ሁሉ እንደ አንድ ዓመት ገቢ ቆጥሮ ግብር ጣለባቸው። የብዙ ዓመት ገንዘብ በአንድ ዓመት ሲደመር ደግሞ በ20 ከመቶ መደብ ይከፍል የነበረውን ሰው ወደ 40 እና 45 ከመቶ ይወስደዋል። በ2019 መጨረሻ በሰር ኤሚያስ ሞርስ የተመራው ግምገማ ከታኅሣሥ 9 ቀን 2010 በፊት የተወሰዱትን ብድሮች ከሕጉ ነጻ ቢያደርግም ለብዙዎች መፍትሔው ዘግይቷል፤ ዕዳው ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል 10 ራሳቸውን ማጥፋታቸውን የግብር መሥሪያ ቤቱ ኤችኤምአርሲ ራሱ አምኗል። ዘዴውን የሸጡት ሰዎች በአንጻሩ ኮሚሽናቸውን አስቀድመው ስለወሰዱ፣ ኩባንያቸውን ዘግተው በሌላ ስም መክፈት አይከብዳቸውም።

የመጀመሪያው እርምጃ ሒሳብ መሥራት ነው። በ2025/26 የግብር ዓመት ኤጀንሲው ለአምብሬላው በዓመት 40,000 ፓውንድ የሚከፍል ከሆነ፣ ከዚህ ላይ የአሠሪው ናሽናል ኢንሹራንስ (አሠሪም ሠራተኛም የሚከፍሉት የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ)፣ የአምብሬላው የአገልግሎት ክፍያ፣ ከዚያም የእርስዎ የገቢ ግብርና ናሽናል ኢንሹራንስ ሲነሣ፣ የጡረታ መዋጮ ሳይታሰብ እንኳ በእጅዎ የሚቀረው 28,000 ፓውንድ ገደማ ነው። ስለዚህ «ከገቢዎ 85 ከመቶውን ይዘው ይሄዳሉ» የሚል ሰው በዓመት 6,000 ፓውንድ ያህል ከየት እንደሚያመጣ ማስረዳት አለበት። ማስረዳት ካልቻለ፣ ያ ገንዘብ ያልተከፈለ ግብር ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ኤጀንሲው ውል ከመስማማትዎ በፊት የክፍያውን ዝርዝር የሚያሳይ ሰነድ ሊሰጥዎ ይገባል፤ ይህን ሰነድ ከደመወዝ ወረቀትዎ (ፔይስሊፕ) እና ከባንክ መግለጫዎ ጋር ያነጻጽሩ። ባንክ የገባው ገንዘብ በፔይስሊፑ ላይ ከተጻፈው የተጣራ ደመወዝ ከበለጠ፣ ወይም ክፍያው በሁለት ተከፍሎ ከተለያየ ምንጭ ከመጣ፣ ሌላ ምልክት አያስፈልግዎትም። ዛሬ «ብድር» የሚለው ቃል ስለተነቃበት «ቅድመ ክፍያ»፣ «ስጦታ» ወይም «የብድር መስመር» የሚሉ ስሞች ይሰጡታል። በኮቪድ ወቅት ወደ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት የተመለሱ ባለሙያዎች ሳይቀሩ የዚህ ማባበያ ዒላማ እንደነበሩ ኤችኤምአርሲ በ2020 አስጠንቅቆ ነበር።

ሦስተኛ፣ የድርጅቱን ስም መሥሪያ ቤቱ በድረ ገጹ ከሚያወጣው የግብር መሸሻ ዘዴዎች ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት። ስሙ አለመኖሩ ግን ንጹሕነቱን አያረጋግጥም፤ አዲስ ስም ዝርዝሩ ውስጥ እስኪገባ ወራት ያልፋሉ። «ኤችኤምአርሲ አጽድቆታል፤ የመዝገብ ቁጥርም አለው» የሚለውን ፈጽሞ አይመኑ። መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ዘዴ አያጸድቅም፤ ቁጥሩም የሚሰጠው ዘዴው ክትትል ውስጥ መግባቱን ለማመልከት ነው።

ገብተውበት ከሆነ ውሉን ቶሎ ማቋረጥ ይቀድማል፤ ወለዱ በየቀኑ ይጨምራልና። ውሎችን፣ ፔይስሊፖችን፣ የባንክ መግለጫዎችንና የተለዋወጧቸውን መልእክቶች በሙሉ፣ ድርጅቱ ድረ ገጹን ከመዝጋቱ በፊት ያስቀምጡ። ዘዴውን የሸጠልዎት ሰው «ከችግሩ የሚያወጣ ሌላ ስምምነት» ይዞ ቢመጣ አይክፈሉት። ብድሩን ገዝተናል የሚሉ ሦስተኛ ወገኖች «ዋናውን ይመልሱ» ብለው የጻፉባቸው ሠራተኞችም ስላሉ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢደርስዎ የሕግ ባለሙያ ሳያዩት ምንም አይፈርሙ።

ከዚያ በኋላ ከኤችኤምአርሲ ጋር መነጋገር ነው። ሳይጠየቁ ራሳቸው ያሳወቁ ሰዎች ቅጣታቸው ይቀንሳል፤ በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችሉም እንደ ገቢያቸው በየወሩ የሚከፈል ስምምነት ይኖራል። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ ታክስኤይድ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በነጻ ያማክራል። ከዘዴው ሻጭ ጋር የተሻረከ አካውንታንት ዘንድ ግን አይሂዱ፤ በማኅበረሰባችን ውስጥ «እኔም እዚያው ነኝ» ብሎ ወዳጁን ያስመዘገበ ሰው ኮሚሽን ተቀብሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህንንም ሳይፈሩ ይጠይቁት።