ሃይፖተነስን በሲባጎ ማስተማር

በጅማ ትምህርት ቤቶች፣ ተማሪው ቤቱ ኦሮምኛም ይናገር አማርኛ፣ «ሃይፖተነስ»ን፣ ማለትም በጎነ ሦስት ከ90 ዲግሪው ማዕዘን ፊት ለፊት ያለችውን ጎን፣ የሚያውቀው በድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ «ያጋደለችው መስመር» ብሎ ይይዛታል፤ ጎነ ሦስቱ ዞሮ ሲሳል ይስታል። ቃሉ ስለ ማጋደል አያወራም። በግሪክኛ «ሂፖ» ከሥር፣ «ቴይኔይን» መወጠር ነው። «ሂፖቴይኑሳ» ከ90 ዲግሪው ማዕዘን ሥር የተወጠረች ጎን ናት። የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ሲጽፍ የጠራት በዚሁ ግስ ነው።

ግቢ ውስጥ ወጥራችሁ አሳዩ። ሦስት ካስማ፣ የማይለጠጥ ሲባጎና ሜትር ይበቃል። ካስማ «ሀ»ን ትከሉ፤ በክረምት የጅማ አፈር ስለሚለሰልስ ጠለቅ ይበል። ከ«ሀ» 3 ሜትር ላይ «ለ»ን ትከሉ። ከ«ሀ» 4 ሜትር ሲባጎ ይዛችሁ፣ ከ«ለ» ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር እስኪሆን ዙሩ፤ እዚያ «ሐ»ን ትከሉና ሦስቱን ካስማዎች በየጎኑ በተለያየ ሲባጎ አገናኙ። አንድ ተማሪ «ሀ» ላይ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ይቁም። እሱ ካለበት ካስማ ጋር ያልታሰረችው፣ ፊት ለፊቱ የተወጠረችው ሲባጎ ሃይፖተነስ ናት።

ግንበኛ መሠረት ሲያወጣም ስኳድራው (የማዕዘኑ 90 ዲግሪነት) የሚፈተነው በዚሁ 3፣ 4፣ 5 ነው፤ ስለዚህ ልኬቱን አትናቁት። ናይሎን ሲባጎ ተለጥጦ 5 ሜትሩ በ2 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም ማዕዘኑ 90.5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ 8 ሜትር ግድግዳ ላይ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ያስታል። እንደ ጅማው ጅሬን ባለ ተዳፋት ደግሞ መሬቱን ተከትሎ መለካት ያሳስታል፤ በ3 ሜትር ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ካለ አግድም ርቀቱ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። ሲባጎውን በውሃ ልክ አስተካክላችሁ ነጥቡን በቱንቢ (ክብደት በተንጠለጠለበት ክር) አውርዱ።

ቱንቢውን ሳታስቀምጡ ሌሎቹን ሁለት ጎኖች አስተምሩ። የግሪክኛ ስማቸው «ካቴቶስ» ነው፤ ወደ ታች የተለቀቀ ማለት ነው፣ ልክ እንደ ቱንቢው ክር። ይህን ያየ ተማሪ የትኞቹ ጎኖች ማዕዘኑን እንደሚሠሩ አይጠፋውም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሂፖፖታመስ (የጉማሬ) «ሂፖ» ፈረስ ማለት ነው፤ በግሪክኛ አጻጻፉ ሌላ ነው፣ በእኛ ፊደል ግን አንድ ስለሚመስል ተማሪዎች ያምታቱታል። የእኛዋ «ሂፖ» ዘመድ «ሃይፖቴሲስ» ላይ ያለችው ናት፤ ከሥር የተቀመጠ ሐሳብ።

መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ማዕዘኑን ወደ ላይ፣ ሃይፖተነስን ወደ ታች አድርጋችሁ ሳሉ፤ ቃሉ ቃል በቃል ይታያል። ቀጥሎ ገልብጡት። «ከሥር» የሚለው ከማዕዘኑ አንጻር እንጂ ከሰሌዳው ግርጌ አለመሆኑን የሚያዩት ያኔ ነው።